እንቅልፍ እምቢ ሲል ምን ይሻላል? ከቡና ሰዓት እስከ ሜላቶኒን፣ አማራጮቹ ሲነጻጸሩ

እንቅልፍ አጣሁ ብለው ቢናገሩ መድኃኒት የማያዝልዎት ሰው የለም። እናት ትኩስ ወተት በማር ትላለች። የሥራ ባልደረባ «ሁለት ቢራ ጣል አድርግና ተኛ» ይላል። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ከሻንጣው የሜላቶኒን ብልቃጥ ያወጣል። ጎረቤት ደግሞ ከባሏ የተረፈች ኪኒን ታቀብላለች። ሁሉም ከልቡ ነው። ምክሮቹ ግን እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ይሠራል። አንዳንዱ አይጎዳም፣ አይጠቅምምም። አንዳንዱ ዛሬ አስተኝቶ ነገን ያባብሳል።

አብዛኞቻችን የምንፈልገው እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ነው። እንቅልፍ ግን ጊዜው ሲደርስ በራሱ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው መንገዱን የዘጋውን ማንሳት ነው። ስለዚህ አማራጮቹን ሳወዳድር «ምን ልጨምር?» ከሚለው ይልቅ «ምን ልተው?» የሚለውን አስቀድማለሁ። ሰዓቱ በሙሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ የእርስዎ የትኛው ነው?

አንዱ ገና ጋደም ሲል ይቸገራል። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሲገላበጥ ይቆያል። ሌላው ትራሱን እንደነካ ይተኛና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዓይኑ ፍጥጥ ይላል። ሦስተኛው 10 ሰዓት ላይ ይነቃና በዚያው ያነጋዋል።

ልዩነቱ ለምርጫ ይጠቅማል። መጀመሪያ ላይ የሚቸገር ሰው ቡናውን፣ ስልኩንና የመኝታ ሰዓቱን ይመርምር። መሐል ላይ የሚነቃ ሰው መጠጡን፣ እራቱን፣ ሽንቱንና ማንኮራፋቱን ያስብ። ሊነጋጋ ሲል የሚነቃ ሰው በጣም በጊዜ እየተኛ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ጋር ተስፋ መቁረጥ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ምንም ነገር ደስ አለማለት ካለ ግን ነገሩ የእንቅልፍ ብቻ ላይሆን ይችላል። ድባቴ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው። ያኔ የሚታከመው ድባቴው ነው።

እንቅልፍ እጦት የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የጊዜ ማጣት ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኝታ ልጆች ለትምህርት ቤት ለማድረስ 11 ሰዓት የምትነሳ እናት እንቅልፍ እምቢ አላላትም። ሰዓቱን ነው ያጣችው። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ለእሷ ወተትም ኪኒንም መልስ አይሆንም። ሁለተኛው በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ነው። ቤቱን የሚያናጋ ማንኮራፋት፣ ትንፋሹ ቀጥ ብሎ ድንገት በሲቃ መመለስ፣ 8 ሰዓት ተኝቶም ቀን ማንጎላጀት። ይህን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው አብሮ የሚተኛው ሰው ነው፤ እሱን ይጠይቁ። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ሰው የእንቅልፍ ኪኒን በራሱ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት፤ አንዳንዱ ኪኒን ትንፋሹን ያባብስበታልና።

ሐኪሞች ሥር የሰደደ የሚሉት በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ለ3 ወር ሲቆይና ቀኑን ሲያበላሽ ነው። መርዶ የሰማ፣ ፈተና የደረሰበት፣ ከሥራ የተቀነሰ ሰው ለሁለት ሳምንት ቢገላበጥ ተፈጥሮ ነው። አደጋው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የምንጀምራቸው ልማዶች ላይ ነው፦ በጊዜ መጋደም፣ ቀን መተኛት፣ ቡና መጨመር፣ ማታ መጠጣት። አርተር ስፒልማን የተባለ አሜሪካዊ የእንቅልፍ ተመራማሪ ይህን በደንብ አብራርቶታል። እጦቱን የሚያስጀምረው ሌላ፣ የሚያቆየው ሌላ ነው። ሐዘኑ ሲያልፍ ልማዱ ይቀራል።

ቡና፦ ማቆም ወይስ ሰዓቱን ማዛወር?

ነቅተን ስንውል አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። እየበዛ ሲሄድ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ አልጠፋም፤ መልእክቱ ነው ያልደረሰው።

ሰውነት ከጠጣነው ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተፈላ ቡና የጠጣ ሰው፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሩቡ ገና ሰውነቱ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች እንቅልፋቸው ከ1 ሰዓት በላይ እንደቀነሰ አሳይቷል። 400 ሚሊ ግራም ብዙ ነው፣ በትልቅ ኩባያ አራት ያህል ቡና። ስኒያችን ትንሽ ናት ብለን ግን አንጽናና። አቦልና ቶና ተደምረው፣ ጠዋት የተጠጣው ማኪያቶ ሲታከልበት፣ ትንሽ አይባልም።

«እኔን ቡና ምንም አይለኝም፣ ጠጥቼ ነው ለጥ የምለው» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ይተኛል፣ እውነቱን ነው። ግን ካፌይን ጥልቁን እንቅልፍ ስለሚያሳሳው 7 ሰዓት ተኝቶም ጠዋት ተሰባብሮ ሊነሳ ይችላል። ድካሙን ደግሞ የሚያክመው በሌላ ቡና ነው።

ሰው ከሰውም ይለያያል። ነፍሰ ጡር በመጨረሻዎቹ ወራት ካፌይኑን ለማስወገድ ከሌላው ጊዜ እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ጊዜ ይወስድባታል። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴትም እንዲሁ ትዘገያለች። ሲጋራ ማጨስ በተቃራኒው ያፋጥነዋል። ስለዚህ ሲጋራ ያቆመ ሰው ያው የለመደው ቡና ድንገት ቢከብደው አይግረመው።

እና ምን ይሻላል? ጨርሶ ማቆም ይሠራል፣ ግን ዋጋ አለው። በአንድ ቀን ያቆመ ሰው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ይፈልጠዋል፤ ይህ እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። አብዛኛው ሰው ሦስተኛው ቀን ላይ ጀበናውን ይጥዳል። ሰዓቱን ማዛወር ግን ለአገራችን ሰው የሚሆን ነው። የመጨረሻው ቡና ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ይሁን። ለሁለት ሳምንት ይሞክሩት። ለውጥ ካላዩ መጠኑን በየጥቂት ቀኑ በአንድ ስኒ ይቀንሱ።

የማታ ቡና ያለበት ሰፈር የሚኖር ሰው ምን ያድርግ? ይቀመጥ፣ ፈንዲሻውን ይብላ፣ ጨዋታውን ይካፈል። ስኒ አለመቀበል ነውር የሚሆንበት ቤት ከሆነ በረካውን ይጠብቅ። ያው አተላ ለሦስተኛ ጊዜ የፈላበት ስለሆነ ከአቦሉ ይቀላል።

ማኪያቶ ወተት ስላለው ይቀላል የሚባለው ግን ማጽናኛ ነው። ወተቱ ጣዕሙን ያለዝባል፤ ካፌይኑን አይነካውም። ሻይ ከቡና ያነሰ ካፌይን አለው፣ ከማታ 12 ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ለተቸገረ ሰው እሱም ይቆጠራል። ኮካም እንደዚያው።

ጫትና መጠጥ

እዚህ ብዙ ማወዳደር አያስፈልግም። ትኩስ የጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ የሆነ አነቃቂ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽት የቃመ ሰው ማታ 4 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ቢጠብቅ አይመጣለትም። ቃሚው ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ነው ወደ ጨብሲ የሚሄደው። ምርቃናውን በቢራ ወይም በአረቄ ሰብሮ ለመተኛት።

መጠጥ ቶሎ ያስተኛል። እውነት ስለሆነ ነው የምንታለለው። ጉበት አልኮሉን አጣርቶ ሲጨርስ ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል። ላብ፣ ውኃ ጥም፣ ሽንት፣ ቅዠት። የሚያንኮራፋ ሰው የጉሮሮው ጡንቻ ስለሚላላ ይብስበታል። ሁለት ቢራ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከእራት ጋርና ሁለት ቢራ ማታ 4 ሰዓት ላይ «እንዲያስተኛኝ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰው ሲተኛ አብዛኛው አልፎለታል።

ጫት ያቆመ ሰው ሌላ ፈተና አለበት፣ ዱካክ። ተኝቶ የሚያፍን፣ ደረት ላይ የሚጫን ነገር። ብዙ ሰው ዱካኩን ፈርቶ ወደ ቅጠሉ ይመለሳል። የሚሆነው ይህ ነው፦ ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ጡንቻችን አይታዘዝም፤ አእምሮ ከሰውነት ቀድሞ ሲነቃ ዓይን ያያል፣ እጅ እግር ግን አይንቀሳቀስም፣ ሕልሙም ገና አልለቀቀም። በጣም ያስፈራል፣ አይገድልም፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። በጀርባ መተኛትና እንቅልፍ ማጣት ያብሱታል። በጎን መተኛትና ሰዓትን መጠበቅ ይቀንሱታል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ለማቆም ይቀለዋል።

እራት፦ ሰዓቱ፣ መጠኑ፣ በርበሬው

ማታ 4 ሰዓት ጥብስ በልቶ 4 ተኩል ላይ መጋደም የከተማ ልማድ ሆኗል። ሆድ ሞልቶ ሲጋደሙ አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቃር ይሆናል፣ ሌሊት ያስነቃል። በርበሬና ቅባት ያብሱታል። በእራትና በመኝታ መካከል 3 ሰዓት ይኑር። ይህ የማይቻል ከሆነ ትልቁን ምግብ ምሳ ላይ አድርጎ ማታ ትንሽ መብላት ይሻላል። በግራ ጎን መተኛትና የአልጋውን ራስጌ በጡብ ወይም በእንጨት ከፍ ማድረግ ለቃረኛ ይረዳሉ። ትራስ መደራረብ ግን ወገብን ስለሚያጥፍ ያን ያህል አይጠቅምም።

ጾመኛ ሰው ተቃራኒው ችግር አለው። እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ውሎ ማታ ላይ በአንዴ ያካክሳል። ረመዳን ላይም ከአፍጥር እስከ ስሁር የሚበላው ነገር ሌሊቱን ያጨናንቀዋል። ሲፈታ በመጠኑ በልቶ፣ ቀሪውን ለማታ ከፋፍሎ መብላት ይቀላል።

ባዶ ሆድም አያስተኛም። ማታ ሞረሞረኝ ያለ ሰው ሙዝ፣ አንድ ኩባያ አጥሚት ወይም ቀጠን ያለ በሶ ይበቃዋል።

ከምግብ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ማታ ጋደም ሲሉ እግራቸው አላስቀምጥ የሚላቸው፣ ካላንቀሳቀሱት እረፍት የሚያጡ ሰዎች አሉ። የዚህ አንዱ ምክንያት የብረት ማነስ ነው። በተለይ የወር አበባ የሚበዛባት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት እንዲህ ካላት ፌሪቲን የሚባለውን፣ የብረት ክምችት የሚለካውን የደም ምርመራ ትጠይቅ። ከምግብ ላይ ተነስቶ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ መጠጣት ብረቱ እንዳይገባ ያግዳል፤ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይሻላል። የብረት ኪኒን ግን ሳይመረመሩ አይጀመርም።

ወተት፣ ካሞሚል፣ ኪዊ

ወተት ውስጥ ትሪፕቶፋን አለ፤ ሰውነት ከእሱ ሜላቶኒን የሚባለውን የምሽት ሆርሞን ይሠራል። ነገር ግን በአንድ ብርጭቆ ያለው መጠን ትንሽ ነው፣ ከሌሎች የፕሮቲን ንጥረ ነገሮች ጋርም ይሻማል። ትኩስ ወተት ደስ ካለዎት ይጠጡ፤ የሚረዳዎት ሙቀቱና ልማዱ ነው። ሆድ የሚነፋው ሰው ይተወው።

የካሞሚል ሻይ ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም፣ ማስረጃውም ደካማ ነው። ቫለሪያን የሚባለውን ሥር የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለእንቅልፍ እጦት አልመከረውም። ኪዊ በኢንተርኔት ስሟ ገንኗል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2011 ታይዋን ውስጥ በ24 ሰው ላይ የተደረገ ጥናት ነው፤ ከመኝታ 1 ሰዓት በፊት ሁለት ኪዊ ለ4 ሳምንት በሉ፣ እንቅልፋቸው ተሻሻለ። ያልበላ ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረም። ውጭ አገር በርካሽ የሚያገኝ ሰው ቢሞክር አይጎዳም። አዲስ አበባ ላይ በኪዊ ዋጋ ሌላ ስንት ነገር ይገዛል። ጤና አዳም ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ «ለእንቅልፍ» ብሎ ማፍላት አያስፈልግም።

እግር መታጠብ ወይስ ሙሉ ገላ?

ይህኛው የአያቶቻችን ነው፣ ሳይንሱም ይደግፈዋል። እንቅልፍ እንዲመጣ የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ትንሽ መውረድ አለበት። ሙቀቱ የሚወጣው በእጅና በእግር ቆዳ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የእጅና የእግር ደም ሥር የሰፋለት ሰው ቶሎ እንደሚተኛ አሳይተዋል። ማታ በሳፋ ሞቅ ባለ ውኃ እግር መታጠብ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሙሉ ገላ በሞቀ ውኃ መታጠብም ይሠራል፣ ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው። ከመኝታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት በፊት 10 ደቂቃ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ሊተኙ ሲሉ በጣም በሚያቃጥል ውኃ መታጠብ ሰውነትን ስለሚያግል ያዘገያል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ምርጫው ቀላል ነው፤ አንድ ጀሪካን ለገላ ከማጥፋት አንድ ሳፋ ለእግር ይበቃል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል የውኃውን ሙቀት በክርኑ ይለካ፣ ወይም ሌላ ሰው ይለካለት።

አልጋ ላይ መቆየት ወይስ መነሳት? በጊዜ መተኛት ወይስ አምሽቶ?

ትልቁ ውሳኔ ያለው እዚህ ነው። ደመ ነፍሳችንም የሚያሳስተን እዚህ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው «ቢያንስ ጋደም ልበል» ይልና ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋ ይገባል። ሳምንታት ሲያልፉ አልጋው የመገላበጫና የሐሳብ ቦታ ይሆናል። ሶፋ ላይ ያንቀላፋ የነበረ ሰው መኝታ ቤት ሲገባ ዓይኑ የሚበራው ለዚህ ነው።

ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ዘዴ ይህን ያፈርሳል። እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ይተኙ። 20 ደቂቃ ያህል አልፎ ካልመጣ ይነሱ። ሰዓት አይመልከቱ፣ በግምት ይሁን። ሌላ ክፍል ወይም ወንበር ላይ ደብዛዛ ብርሃን አድርገው የሚያሰለች ነገር ያንብቡ፣ ጸሎት ካለዎት ይጸልዩ፣ ልብስ ይጠፉ። ዓይን ከበድ ሲል ይመለሱ። ሌሊቱን ሦስት አራት ጊዜ መነሳት ሊኖር ይችላል። ሁሉም በአንድ ክፍል በሚተኛበት ቤት መነሳት ከባድ ነው፤ ያኔ አልጋው ጫፍ ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ይበቃል። ዋናው ነገር ተጋድሞ ከእንቅልፍ ጋር አለመታገል ነው።

ሁለተኛው ዘዴ የስፒልማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው ያወጣው። አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ በትክክል ወደተኙት ያህል ማጥበብ ነው። በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጋደማል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል። አልጋ ላይ 9 ሰዓት ሆነ። ማስታወሻ ይዞ ሲያይ ግን የሚተኛው 6 ሰዓት ያህል ነው። ሦስቱ ሰዓት መገላበጥ ነው። ዘዴው እንዲህ ይለዋል፦ ጠዋት 12 ሰዓት መነሳትህን አትቀይር፣ አልጋ የምትገባው ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት ቀኑን ያዛጋል፣ ይናደዳል። አዴኖሲኑ ስለተጠራቀመ ግን ሲጋደም ቶሎ ይተኛል፣ መሐል ላይ መንቃቱም ይቀንሳል። አልጋ ላይ ከቆየበት ጊዜ ከ85 እስከ 90 በመቶውን መተኛት ሲጀምር በሳምንት 15 ደቂቃ ይጨመርለታል፤ 5 ሰዓት ከ45 ላይ ይጋደማል፣ ከዚያ 5 ተኩል ላይ፣ እንዲህ እያለ የሚበቃው ቦታ ይደርሳል።

ከሁለቱ የቱ? አብዛኛውን ጊዜ አብረው ነው የሚሄዱት። ተለያይተው ከመጡ ብዙ የሚነቃና የሚገላበጥ ሰው ማጥበቡ ቶሎ ይይዝለታል። ግን ከ5 ሰዓት በታች አይወረድም። የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር ያለበት ሰው፣ ሾፌር፣ ከባድ ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ያለ ሐኪም አይጀምረው። ለእነዚህ ሰዎች መነሳቱና የንጋት ሰዓትን መጠበቁ ይበቃል።

የቀን እንቅልፍስ? ማታ ለሚተኛ ሰው 20 ደቂቃ ሸለብ ማድረግ ጥሩ ነው። ማታ ለሚቸገር ሰው ግን የምሽቱን እንቅልፍ አስቀድሞ መብላት ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስ ወይም ጥበቃ ግን ከሥራ በፊት ቢተኛ ይመከራል፤ እሱ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው።

ብርሃን፣ ስልክና የሰዓት ልዩነት

ኢትዮጵያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች። ጠዋት ውጭ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ መራመድ የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፣ ማታም እንቅልፍን ያቀርባል። ገንዘብ አያስወጣም። ደመናማ ጠዋት እንኳ ከቤት አምፖል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስቶክሆልም ያለ ሰው በታኅሣሥ የሚያገኘው የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ነው፤ እዚያ ለዚሁ የሚሸጠው የብርሃን መብራት ጠዋት ላይ ገንዘቡ ያዋጣል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ግን መብራቱን ትቶ በር ይክፈት።

ስለ ስልክ ሰማያዊ ብርሃን ብዙ ይወራል። በእኔ እይታ ከብርሃኑ ይልቅ ይዘቱ ነው የሚያነቃው። የቲክቶክ ላይቭ ጭቅጭቅ፣ የአገር ቤት ዜና፣ የምንዛሬ ወሬ። ስክሪኑን ቢጫ ማድረግ ወሬውን አያለዝበውም። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ስልኩን ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ይሻላል፤ ማንቂያ ከሆነ ምክንያቱ የድሮ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዙ።

ውጭ ያለው ወገናችን ሌላ ጣጣ አለበት። አዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው ደግሞ 6 ሰዓት። ቤተሰብ ጠዋቱን ብሎ ይደውላል፤ መርዶ ይሆናል ተብሎ ስልክ አይዘጋም። ሪያድና ዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ደግሞ የሚደውሉት አሠሪ ሲተኛ ነው። ስልክን መዝጋት ካልሆነላችሁ፣ ሁለት ቁጥሮች ብቻ እንዲያልፉ አድርጎ ሌላውን ዝም ማሰኘት ይቻላል። ለአገር ቤት ሰው አንድ ጊዜ «ከዚህ ሰዓት በኋላ ለችግር ብቻ» ማለት ነውር አይደለም።

ሜላቶኒን፣ ኪኒን ወይስ ሲቢቲ-አይ?

ሜላቶኒን ለሰውነት ምሽት መሆኑን የሚነግር ሆርሞን ነው፤ አስተኚ አይደለም። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለገባ መንገደኛ፣ ሰዓቱ ለተዛባበት፣ በመኝታ ሰዓት ከግማሽ እስከ 3 ሚሊ ግራም ይረዳል። ለተራ እንቅልፍ እጦት ግን ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በርካታ ጥናቶች ሲደመሩ ሰው የሚተኛበትን ጊዜ ያሳጠረው በ7 ደቂቃ ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደ ቫይታሚን ስለሚሸጥ ቁጥጥሩ ላላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የተመረመሩ 25 የሜላቶኒን ከረሜላዎች ውስጥ 22ቱ ላይ የተጻፈው መጠን ልክ አልነበረም፤ እስከ ሦስት እጥፍ ተኩል የሚደርስም ነበረበት። ከረሜላ ስለሚመስል ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

የጉንፋንና የአለርጂ ኪኒን «ያስተኛል» ተብሎ የሚወሰደው ሰውነት በቀናት ውስጥ ይለምደዋል። አረጋዊ ሰው ላይ ግራ መጋባትና መውደቅ ያመጣል። ለእናት አባትዎ አይስጡት።

ዳያዜፓምና ብሮማዜፓም የሚባሉት የጭንቀትና የእንቅልፍ ኪኒኖች በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚወሰዱ ናቸው። ይሠራሉ፣ ቶሎ ይሠራሉ፣ ለዚህም ነው የሚያጠምዱት። ለሁለት፣ ቢበዛ ለአራት ሳምንት ነው የሚታዘዙት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 በዚህ ወገን መድኃኒቶች ላይ ሱስ እንደሚያስይዙ የሚገልጽ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል። ከመጠጥ ጋር ከተወሰዱ ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ። ዳያዜፓም ከሰውነት ለመውጣት ከአንድ ቀን በላይ ስለሚፈጅ የማታው ኪኒን በማግስቱ መሪ ላይም አብሮ አለ። የድባቴ መድኃኒት የሆነው አሚትሪፕቲሊንም ብዙ ይታዘዛል፤ አፍ ያደርቃል፣ ከመጠን ካለፈም ለልብ አደገኛ ነው።

ሲቢቲ-አይ (ለእንቅልፍ እጦት የሚሰጥ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና) የሚባለው ከላይ ያየናቸውን የአልጋ ሕጎች ስለ እንቅልፍ ካለን ፍርሃት ጋር አጣምሮ ከስድስት እስከ ስምንት ቀጠሮ የሚሰጥ ሕክምና ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ እጦት ከኪኒን በፊት እሱ እንዲሞከር መክሯል፤ የአውሮፓ መመሪያም ይህንኑ ይላል። ከኪኒን ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ሲቆም ግን ጥቅሙ አብሮ አይቆምም። ችግሩ ባለሙያ ማግኘት ነው። አገር ቤት የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሲሄዱ ዘዴውን በስሙ ጠይቁ። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት በነጻ ያወጣውን ኢንሶምኒያ ኮች የተባለ አፕ መጠቀም ይችላል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የሁለት ሳምንት ወረቀት ይያዙ፦ ስንት ሰዓት ተጋደሙ፣ በግምት መቼ ተኙ፣ ስንቴ ነቁ፣ መቼ ተነሱ፣ ቡናና መጠጥ ስንት ሰዓት። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ያሳዩ። ሽንት የሚያሸና የደም ግፊት ኪኒን ማታ ከተወሰደ፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ኪኒን ከምሳ በኋላ ከተዋጠ፣ ሐኪሙ ሰዓቱን ብቻ ቀይሮ ችግሩን ሊፈታው ይችላል። የእንቅልፍ ኪኒን ለወራት ሲወስዱ የቆዩ ከሆነ ግን ይህን አንብበው ዛሬ ማታ በአንዴ አያቁሙ። በድንገት ማቆም ከባሰ እንቅልፍ ማጣት እስከ መንቀጥቀጥና መውደቅ ያደርሳል። ሐኪሙ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በትንሽ በትንሹ እየቀነሰ ያስወጣዎታል።